የጥያቄና መልስ ቡድን ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ ለአዲስ አሠልጣኝ መምህራን

መስከረም በጠባ ቁጥር የሚደወልልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። "የጥያቄና መልስ ቡድኑን አንተ ያዝ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?" አንዱ የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ ሌላዋ የታሪክ። ብዙዎቹ ውድድሩን የሚያውቁት ከተመልካች ወንበር ሆነው ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ።

መመሪያው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ለሚያዘጋጅ መምህር ነው። ከመነሻው አንድ ነገር ያዙ። መድረክ ላይ ነጥብ የሚፈሰው ልጆቹ ስለማያውቁ ብቻ አይደለም። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አይሰሙም። አንዷ የምታውቀውን ሌላው አያዳምጣትም። ወይም ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ሁለት መልስ ይናገራሉ። ስለዚህ ከታች ካሉት እርምጃዎች ብዙዎቹ ከንባብ ይልቅ ስለ ማዳመጥና ስለ መነጋገር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት፣ በሥራ ላይ ካለው ሥርዓተ ትምህርት፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጂ
- አንድ ወፍራም ደብተር (የስህተት መዝገብ እንለዋለን)
- ጠንከር ካለ ወረቀት የተቆረጡ ካርዶች፤ የመዳፍ ስፋት ካላቸው ይበቃል
- ሦስት ትልልቅ ኤንቨሎፖች፦ ቀይ፣ ቢጫ እና አረንጓዴ ምልክት የተደረገባቸው (አጠቃቀማቸው እርምጃ 6 ላይ አለ)
- ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ወይም ሰዓት
- ባዶ ወረቀትና እርሳስ ለእያንዳንዱ ልጅ
- ከሚኒ ሚዲያ ክበብ በውሰት የሚገኝ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ
- የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤ
- ቀድሞ የደወለ የሚመልስበት ዙር ካለ የደወል ሳጥን (አሠራሩ እርምጃ 9 ላይ አለ)

እርምጃ 1፦ የውድድሩን ደንብ በጽሑፍ ያዙ

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁን ጠይቁ። "እንደ አምናው ነው" የሚል መልስ አትቀበሉ። እነዚህን አንድ በአንድ አስመልሱ፦

- በአንድ ቡድን ስንት ልጅ ይቀመጣል? ተጠባባቂ ይፈቀዳል? የሴትና የወንድ ቁጥር ተወስኗል?
- የመልስ ጊዜው ስንት ሰከንድ ነው? መቆጠር የሚጀምረው ጥያቄው ተነቦ ሲያልቅ ነው ወይስ ሲጀመር?
- ጥያቄው ይደገማል? ሲደገም ሰዓቱ ይቆማል?
- ተሳስቶ መመለስ ነጥብ ያስቀንሳል?
- ያልተመለሰ ጥያቄ ወደ ማን ይተላለፋል? ለተቀባዩ ስንት ሰከንድ ይሰጣል? ሙሉ ነጥብ ነው ወይስ ግማሽ?
- ጥያቄዎቹ በምን ቋንቋ ናቸው? ዓመቶች በየትኛው አቆጣጠር ይመለሳሉ?
- ቅሬታ የሚያቀርበው ማን ነው? እስከ መቼ?

ይህ ለምን ይጠቅማል? ስልታችሁ የሚወጣው ከዚህ ስለሆነ ነው። ስህተት ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ዝም ማለት ኪሳራ ነው፤ ልጆቹ ሁልጊዜ የሆነ መልስ ይሞክሩ። ትክክል 2 ነጥብ ቢያስገኝ፣ ስህተት ደግሞ 1 ቢያስቀንስ ነገሩ ይለወጣል። ሌላው ቡድን የሚያገኘውን ሳንቆጥር፣ መሞከር የሚያዋጣው መልሱ ልክ የመሆን ዕድሉ ከሦስት አንድ በላይ ሲሆን ነው። ካፒቴኑ ይህን ስሌት አስቀድሞ ካላወቀ መድረክ ላይ በስሜት ይወስናል።

እርምጃ 2፦ የዓመቱን ጊዜ ከፋፍሉ

እንደ አካባቢያችሁ አስተካክሉት እንጂ እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው። ጥቅምት ምርጫ። ኅዳርና ታኅሣሥ ዋናው ልምምድ፣ እግረ መንገዱንም በክፍሎች መካከል የሚደረግ የውስጥ ውድድር። ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ስላለ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልምምዱ ይቆማል። ከየካቲት በኋላ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ግጥሚያ፣ ካለም የወረዳ፣ የክፍለ ከተማ ወይም የዞን ውድድር።

የሳምንቱ ቀን ምርጫም ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ ልጆች የሚገናኙት በመቀያየሪያው ሰዓት ብቻ ነው። እሱን ተጠቀሙ፣ አለዚያም ቅዳሜ ጠዋት። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት ነውና አትያዙ። የዐቢይ ጾም፣ በአንዳንድ ዓመታትም የረመዳን ጾም፣ ውድድሩ በሚሞቅበት ወቅት ይገባል። በዚያን ጊዜ ልምምዱን አሳጥሩት፣ ወደ ጠዋትም አምጡት። የሚጾም ልጅ ከሰዓት በኋላ ትኩረቱ ይከዳዋል፤ ሰነፍ አትበሉት።

እርምጃ 3፦ ልጆቹን ምረጡ

አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትን ሰብስቦ "ቡድኑ ይኸው" ማለት ይቀላል። የሚያሳዝነው ቀለሜ የሆነ ልጅ ሁሉ መድረክ አይወድም። ስለዚህ ምርጫውን በሁለት ዙር አድርጉት።

የመጀመሪያው ዙር የጽሑፍ ነው፤ ከ8 የትምህርት ዓይነት አምስት አምስት፣ በድምሩ 40 ጥያቄ። ሁለተኛው ዙር የቃል ነው። በጽሑፉ የተሻሉትን ወደ 12 ልጆች ክፍል ፊት አስቀምጡና ለእያንዳንዱ 10 ጥያቄ በ20 ሰከንድ ገደብ አንብቡ። ውጤቱን መዝግቡ፣ ግን ሌላም ነገር ተመልከቱ። ጥያቄው ሳያልቅ አፉን የሚከፍተው ማን ነው? ሲሳሳት ቀጣዩን ጥያቄ ጭምር የሚያበላሸውስ? "አላውቅም" ብላ ተረጋግታ ወደሚቀጥለው የምታልፍ ልጅ ካገኛችሁ ያዟት። እንዲህ ያለ ጠባይ በሥልጠና ቶሎ አይመጣም።

አራት ልጅና ሁለት ተጠባባቂ ትመርጣላችሁ እንበል፤ ስብጥሩ ላይ ሦስት ነገር አስቡ። 11ኛ ክፍል ላይ ልጆቹ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው ይለያያሉ። አራቱም ከተፈጥሮ ሳይንስ ከሆኑ ታሪክና ጂኦግራፊ ሲመጣ እርስ በርስ መተያየት ነው የሚተርፋቸው። ሁለተኛ፣ ከ12ኛ ክፍል ከአንድ ልጅ በላይ አትውሰዱ፤ ብሔራዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል፣ ከሚያዝያ በኋላም ሐሳባቸው እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ተጠባባቂዎች ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ይሁኑ። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን እነሱ ናቸው።

እርምጃ 4፦ ሥራ አከፋፍሉ

ለአራት ልጆች ቡድን አከፋፈሉ ይህ ነው፦

- ካፒቴን፦ የመጨረሻውን መልስ የሚናገረው እሱ ወይም እሷ ብቻ። የግድ ከሁሉ የበለጠ አዋቂ መሆን የለበትም፤ ማዳመጥና መወሰን የሚችል ይሁን።
- ጸሐፊ፦ ጥያቄው ሲነበብ ቁልፍ ቃሎቹን ይጽፋል። የተጠየቀው ዓመት ነው? ስም ነው? ቁጥር ነው? የመጨረሻዋን ቃል በተለይ ያሰምርባታል።
- ስሌተኛ፦ የሂሳብና የፊዚክስ ስሌት ሲመጣ ሌላውን ሳይጠብቅ ይጀምራል።
- አጣሪ፦ ሥራው አንድ ጥያቄ ነው፦ "የተጠየቅነው ይሄ ነው?"

የመጨረሻውን ሥራ አትናቁት። መልሱ ልክ ሆኖ ጥያቄው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እርምጃ 5፦ የጥያቄ ባንክ አዘጋጁ

በካርዱ ፊት ጥያቄው፣ በጀርባው መልሱ ይጻፋል። ከመልሱ ሥር መጽሐፉን፣ ክፍሉንና ገጹን ጻፉ። ገጽ የሌለው ካርድ ባንኩ ውስጥ አይገባም። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ የተሳሳተ መልስ ሸምድደው እንዳይሄዱ፣ ደግሞም መድረክ ላይ ቅሬታ ብታቀርቡ ማስረጃው በእጃችሁ እንዲሆን።

ጥሩ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። "ሉሲ መቼ ተገኘች?" መጥፎ ጥያቄ ነው። 1967 ያለውም 1974 ያለውም ልክ ነው። "ሉሲ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በስንት ዓ.ም. ተገኘች?" ሲባል ክርክሩ ያልቃል።

የራስ ዳሽን ከፍታም እንደዚሁ ነው። የቆዩ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይላሉ፣ ሌሎች 4,533፣ ሌላ ቦታ ደግሞ 4,550 ታገኛላችሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲገጥማችሁ በሥራ ላይ ባለው መማሪያ መጽሐፍ ያለውን ያዙ። ሌሎቹንም ቁጥሮች ካርዱ ጀርባ አስፍሯቸው። ዳኛው የቱን እንደያዘ አታውቁምና ልጆቹ ቁጥሩ አወዛጋቢ መሆኑን ይወቁ።

የዓመት አቆጣጠር ብቻውን አንድ ሙሉ የልምምድ ቀን ይገባዋል። ደንቡ ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ሉሲ የተገኘችው በኅዳር 1967 ነው፤ 7 ሲደመር 1974። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ 8 ሲደመር 1896። ወጥመዱ ያለው መስከረም ጠርዝ ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. መስከረም (ሴፕቴምበር) 10 ቀን 1960 ነው። "መስከረም ስለሆነ 7 እቀንሳለሁ" ያለ ልጅ 1953 ይላል። ቀኑ ግን በእኛ ጳጉሜን 5 ነበር፣ ዘመኑም አልተለወጠም፤ ስለዚህ 1952 ነው። ይህችን ካርድ ቀይ ኤንቨሎፕ ውስጥ አስቀምጧት።

ማስጠንቀቂያ፦ መንገድ ላይ ከሚሸጡ የቆዩ የጠቅላላ እውቀት መጻሕፍት ጥያቄ ስትቀዱ እያንዳንዱን አጣሩ። ዓለም ይለወጣል። የኢትዮጵያ ክልሎች 9 ናቸው የሚል መጽሐፍ ዛሬም ይሸጣል፤ አሁን 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት አባላት 55፣ የተባበሩት መንግሥታት አባላት 193 ናቸው። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔቶች ዝርዝር ስለወጣች ፕላኔቶች 8 ናቸው። የታወቁት ንጥረ ነገሮች 118 ደርሰዋል።

ቋንቋውንም አትርሱ። ሳይንሱ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የመድረክ መሪው ግን "ብርሃን አስተፃምሮ" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፎቶሲንተሲስን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ልጅ እዚያ ላይ ይደነግጣል። ዋና ዋናዎቹን የሳይንስ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ካርድ ላይ አስፍሩ።

እርምጃ 6፦ የልምምድ ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት

አንድ ሰዓት ይበቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት መለማመድ ቅዳሜ አራት ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል፤ በመሃል የተረሳው ተመልሶ ሲታወስ ነው የሚጸናው።

ሀ) 10 ደቂቃ፦ ከቀይ ኤንቨሎፕ። ኤንቨሎፖቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። አዲስ ካርድ ሁሉ ቀይ ውስጥ ይገባል፣ በየልምምዱም ይጠየቃል። በትክክል ሲመለስ ወደ ቢጫ ያልፋል፤ ቢጫው በሳምንት አንዴ ይከፈታል። እዚያም ከተመለሰ ወደ አረንጓዴ፣ በወር አንዴ። የትም ቦታ ከተሳሳተ ተመልሶ ቀይ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ጊዜያችሁ በሚያውቁት ላይ አይባክንም።

ለ) 30 ደቂቃ፦ ግጥሚያ። ቡድኑን ከተጠባባቂዎቹና ከሌሎች የክበቡ ልጆች ጋር አጋጥሙት። ጥያቄ የሚያነበው ሁልጊዜ እናንተ አትሁኑ። ልጆቹ የእናንተን ድምፅ ለምደውታል፤ የት እንደምታቆሙ፣ የትኛውን ቃል እንደምትጫኑ ያውቃሉ። ውድድሩ ላይ ግን የማያውቁት ሰው፣ በሚያስተጋባ አዳራሽ፣ በሚንጫጫ ማይክሮፎን ነው የሚያነበው። የሚኒ ሚዲያ ልጆችን እየቀያየራችሁ አስነብቡ። አንዳንድ ቀን የክፍሉን መስኮት ክፈቱና የግቢው ጫጫታ ይግባ።

ሐ) 15 ደቂቃ፦ የተሳሳተው ይመረመራል። የስህተት መዝገቡ ላይ ጥያቄው፣ የተሰጠው መልስና የስህተቱ ዓይነት ይጻፋል። ዓይነቱ ከአራት አንዱ ነው፦ አላወቅንም፣ በደንብ አልሰማንም፣ አውቀን አልተማመንም፣ ሰዓት አለቀብን። ሁሉንም "አላጠናንም" ብላችሁ አትለፉ። "አልሰማንም" የበዛበት ቡድን ተጨማሪ ንባብ ቢሰጡት አይሻሻልም። እርምጃ 7 ነው የሚያስፈልገው።

መ) 5 ደቂቃ፦ ለሚቀጥለው ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ከተመደበለት ምዕራፍ አምስት ካርድ አዘጋጅቶ እንዲመጣ ይነገረው። ጥያቄ ማውጣት ራሱ ጥናት ነው።

የሂሳብ ልምምድ በቃል ይሁን፣ ካልኩሌተር አይነካ። ሁለት ሦስት ዘዴ ብቻ ብዙ ሰከንድ ያተርፋል። 25 ሲባዛ በ48 ማለት 100 ሲባዛ በ12 ነው፣ 1,200። የ25 አሥራ ስድስት በመቶ ያስጨንቃል፤ ገልብጠው የ16 ሃያ አምስት በመቶ ቢሉት 4 መሆኑ ወዲያው ይታያል። ከ1 እስከ 100 ያሉ ቁጥሮች ድምር 5,050 ነው፤ አሠራሩን ካወቁት እስከ 60 ወይም እስከ 200 ቢጠየቁም አይቸገሩም።

እርምጃ 7፦ ሠላሳውን ሰከንድ አለማምዱ

ከሁሉም እርምጃ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። የመልስ ጊዜው 30 ሰከንድ ነው ብለን እንነሳ፦

1. ጥያቄው ተነቦ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም። ጸሐፊው ብቻ ይጽፋል።
2. ከ1ኛው እስከ 10ኛው ሰከንድ፦ የሚያውቅ ሰው መልሱን በወረቀት ጽፎ ወደ ካፒቴኑ ይገፋል። ሹክሹክታም ይቻላል፣ ግን ማይክሮፎኑ ከፊታችሁ ከሆነ ወረቀት ይሻላል። ተቃራኒ ቡድን ጆሮ አለው።
3. ከ10ኛው እስከ 20ኛው፦ ሁለት መልስ ከመጣ እያንዳንዱ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። "እርግጠኛ ነኝ" ምክንያት አይደለም። "10ኛ ክፍል ጂኦግራፊ ላይ አለ" ምክንያት ነው።
4. 20ኛው ሰከንድ ላይ አጣሪው "የተጠየቅነው ይሄ ነው?" ይላል፤ ካፒቴኑ ይወስናል።
5. እስከ 25ኛው ካፒቴኑ መልሱን ይናገራል። የቀረው 5 ሰከንድ መጠባበቂያ ነው።

ለምን እንዲህ ጠበቅ እንደሚል በአንድ ምሳሌ እዩት። ጥያቄው "የኬሚካል ምልክቱ ኬ የሆነው ንጥረ ነገር አቶሚክ ቁጥሩ ስንት ነው?" ነው። አንዱ ልጅ "ምልክቱ ኬ" ሲባል ሰምቷል፤ የቀረው የጥያቄው ክፍል አላስጨነቀውም። "ካልሲየም!" ይላል። ጓደኛው "ኧረ ፖታሲየም ነው!" ብሎ ያርመዋል። ካፒቴኑ ደስ ብሎት "ፖታሲየም" ይላል። ስህተት። የተጠየቀው ቁጥር ነው፣ 19። ጸሐፊው "ቁጥር" የምትለዋን ቃል ጽፎ ቢያሰምርባት፣ አጣሪውም አፉን ቢከፍት ኖሮ ነጥቡ የእነሱ ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ዳኞች የሚይዙት መጀመሪያ የተሰማውን መልስ ነው። ካፒቴን ያልሆነ ልጅ ጮክ ብሎ ካሰበ ያ መልስ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ልምምድ ላይ እንዲህ ያደረገ ልጅ ካለ ያን ጥያቄ እንደ ስህተት ቁጠሩት። ይነጫነጫሉ፤ ይልመዱት።

እርምጃ 8፦ የሌላው ቡድን ተራ የእናንተም ነው

ልጆች የሌላው ቡድን ተራ ሲሆን ውኃ ይጠጣሉ፣ ተመልካች ውስጥ ጓደኛ ይፈልጋሉ፣ ያለፈችውን ጥያቄ ያወራሉ። ከዚያ ጥያቄው ሳይመለስ ወደ እነሱ ሲተላለፍ "ይደገምልን" ይላሉ። ለተላለፈ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፣ ላይደገምም ይችላል።

ስለዚህ ደንብ አድርጉት፦ እያንዳንዱ ጥያቄ፣ ለማንም ይቅረብ፣ ወረቀት ላይ መልስ ይጻፍለታል። ሌላው ቡድን የሰጠው የተሳሳተ መልስም ይመዘገባል፣ ያንኑ እንዳትደግሙት። ልምምድ ላይ ለማስገደድ ቀላሉ መንገድ ሳታስጠነቅቁ ወረቀታቸውን ማየት ነው።

እርምጃ 9፦ የደወል ሳጥን (ለሁለት ቡድን)

ብዙ ውድድር የሚካሄደው በዕጣ ቁጥር ነው፤ ቡድኑ ተራው ሲደርስ የጥያቄውን ቁጥር በዕጣ ያወጣል። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ይህን እርምጃ መዝለል ትችላላችሁ። ቀድሞ የደወለ የሚመልስበት ዙር ካለ ግን እጅ በማውጣት አትለማመዱ። "እኔ ቀድሜያለሁ" ክርክሩ ልምምዱን ይበላዋል።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና ሪሌይ (ባለ አምስት እግር)፣ ሁለት የቤት ደወል መጫኛ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት አነስተኛ የኤልኢዲ መብራት፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሽቦ። ሪሌዩን የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ታገኙታላችሁ። እግሮቹ ላይ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ የሚል ተጽፏል። ልብ በሉ፤ አንዳንዱ ባለ አምስት እግር ሪሌይ 87ኤ የለውም፣ በምትኩ 87 ሁለት ጊዜ አለው። እሱ አይሠራም።

1. ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም ሪሌዮች 30 ቁጥር።
2. ከአንደኛው ሪሌይ 87ኤ ወደ ሁለተኛው ቡድን መጫኛ፣ ከመጫኛው ወደ ሁለተኛው ሪሌይ 86።
3. ከሁለተኛው ሪሌይ 87ኤ ወደ አንደኛው ቡድን መጫኛ፣ ከመጫኛው ወደ አንደኛው ሪሌይ 86።
4. በእያንዳንዱ ሪሌይ ላይ 87ን ከራሱ 86 ጋር አገናኙ፣ የዚያን ቡድን መብራት ፖዘቲቭም እዚያው።
5. የሁለቱም ሪሌይ 85 እና የመብራቶቹ ነጌቲቭ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። አንደኛው ቡድን ሲጫን የራሱ ሪሌይ ይነቃል፣ 87ኤው ይለቅቃል፣ ለሁለተኛው መጫኛ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። መብራቱ ጣታቸውን ቢያነሱም በርቶ ይቆያል። ለቀጣዩ ጥያቄ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት። ለሦስት ቡድን ይህ አገጣጠም አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ አታገናኙ። 220 ቮልት ይገድላል። የባትሪው ሁለት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነኩ ሽቦዎቹን በቴፕ ሸፍኑ፣ የመጀመሪያውን ሙከራም የፊዚክስ መምህሩ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ባለበት አድርጉት።

ሳጥኑ ሲያልቅ አንድ ነገር አሠልጥኑ፦ ጣት መጫኛው ላይ፣ ጆሮ ጥያቄው ላይ። ቀድሞ ደውሎ መልሱን የማያውቅ ቡድን ለተቃራኒው ስጦታ ነው የሚሰጠው።

እርምጃ 10፦ የውድድሩ ቀን

ከአንድ ሳምንት በፊት የወላጅ ፈቃድ ደብዳቤ ተሰብስቦ ይለቅ፤ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤም ማኅተም ይኑረው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ሄዶ በር ላይ መጉላላት የተለመደ ነው።

ዋዜማውን አዲስ ነገር አታስጠኗቸው። ቀይ ኤንቨሎፑን አንዴ ይዩትና ይተኙ።

ጠዋት ዩኒፎርም፣ መታወቂያ፣ እርሳስ፣ ባዶ ወረቀት፣ ውኃ። ቆሎ ቢያዝ አይከፋም፣ ግን መድረክ ላይ አይደለም። ልጆቹ አዳራሹ ውስጥ ቀደም ብለው ገብተው ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ማይክሮፎኑን ይሞክሩ። ስልካቸው እናንተ ጋ ይቀመጥ፤ መድረክ ላይ የጮኸ ስልክ ከውድድር ሊያሰርዝ ይችላል።

ከደጋፊ ተማሪዎች ጋርም ተነጋገሩ። ማጨብጨብ ይቻላል፣ መልስ ሹክ ማለት ግን ጥያቄውን ያሰርዛል፣ አንዳንዴም ቡድኑን ያስቀጣል። መመለስ ላማረው ለተመልካች የሚተላለፉትን ጥያቄዎች ይጠብቅ፤ እስክሪብቶና ደብተር የሚሸለመው እዚያ ነው።

ቅሬታ ካላችሁ ቀጣዩ ጥያቄ ሳይነበብ፣ ደንቡ በፈቀደለት ሰው በኩል፣ መጽሐፉን ገልጣችሁ አቅርቡ። አትጩኹ። የተከፈተ ገጽ ከጩኸት በላይ ያሳምናል። ዳኛው ካልተቀበለ ተቀመጡ። ልጆቹ እናንተን ነው የሚያዩት፤ እናንተ ከተናደዳችሁ የሚቀጥሉት ሦስት ጥያቄዎች አለቁ ማለት ነው።

እርምጃ 11፦ በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሳችሁ ተቀመጡ

ቢያሸንፉም ቢሸነፉም። ወረቀቶቹን ሰብስቡ፣ የተጠየቁትን ሁሉ አስታውሳችሁ ካርድ አድርጉ። ጥያቄ አውጪዎች ራሳቸውን ይደግማሉ። ከዚያ በትምህርት ዓይነት ቁጠሩ፦ ከጂኦግራፊ ስንት መጣ፣ ስንት ተመለሰ? ማን መለሰ? አንድ ልጅ ብቻ የሚመልሰው የትምህርት ዓይነት ካለ አደጋ ነው። ያ ልጅ የታመመ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ከተጠባባቂዎቹ አንዱን በዚያ ትምህርት መድቡ።

የተለመዱ ስህተቶች

አምና ያሸነፈውን ቡድን እንዳለ ይዞ መቀጠል። ልጆቹ ልምምድ ይቀራሉ፣ ታናናሾቹ ደግሞ ቦታ እንደሌላቸው ስለሚያውቁ ተስፋ ይቆርጣሉ። በየዓመቱ ምርጫው እንደገና ይደረግ።

ሁሉም ልጅ ሁሉንም መጽሐፍ እንዲያነብ ማዘዝ። ማንም አይጨርስም። ለእያንዳንዱ ሁለት ዋና የትምህርት ዓይነት፣ አንድ ደግሞ መጠባበቂያ ስጡት።

ከደካማ ቡድን ጋር ብቻ መጋጠም። ደስ ይላል፣ ምንም አያስተምርም። ጎረቤት ካለ ጠንካራ ትምህርት ቤት ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ ጠይቁ። ካልተገኘ አራት መምህራንን ተቃራኒ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፤ ልጆቹ መምህራኖቻቸውን ለማሸነፍ ሲሉ ሌሊት ያነባሉ።

ለመድረክ ሲባል ክፍል ማስቀረት። ሌሎች መምህራን መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ የአንድ ልጅ ውጤት ሲወርድ ግን ቡድኑ ይፈርሳል። ልምምዱ ከክፍል ሰዓት ውጪ ይሁን። ውጤቱ የወረደ ልጅ ካለ እስኪያስተካክል ያርፍ።

ሰኔ ላይ ሁሉንም ነገር ቤት ወስዶ ማስቀመጥ። የካርዱ ባንክ፣ ሦስቱ ኤንቨሎፖችና የስህተት መዝገቡ የትምህርት ቤቱ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በካርቶን ይቀመጡ፣ ከላይ የውድድሩ ደንብ ቅጂ ይደረግ፣ ቁልፉ ያለበት ሰው ስም ካርቶኑ ላይ ይጻፍ።